በከሰል እሳት ዳር

ንስሐ «ነስሐ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ቃል ሲሆን መጸጸትን፣ ከክፉ ሥራም መመለስን ያመለክታል፤ ጸጸት ብቻውን ግን ንስሐ እንደማይሆን፣ ተጸጽቶ 30ውን ብር ከመለሰ በኋላ ራሱን ያጠፋው ይሁዳ ያሳያል። ጌታውን ሦስት ጊዜ የካደው የጴጥሮስ ውድቀትም የጀመረው በገረዲቱ ጥያቄ ሳይሆን፣ ቀደም ብሎ በጌቴሴማኒ፣ እንዲተጋ ታዝዞ ሳለ እንቅልፍ በጣለው ሰዓት ነው ማለት ይቻላል። ትጋት፣ ዛሬ ቃሉ ሥራ ወደ ማብዛት ቢያደላም፣ በዚህ አገባቡ ነቅቶ ልቡናን መጠበቅ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ነቅተው ሊጠብቁት ስለሚገባው ዳግም ምጽአት የሚሰበክበት ደብረ ዘይት በዐቢይ ጾም 5ኛ እሑድ፣ ማለትም ጿሚው መዛል በሚጀምርበት እኩሌታ ላይ መዋሉ ያለ ምክንያት አይመስልም።

ዮሐንስ በወንጌሉ ሁለት የከሰል እሳቶችን ይጠቅሳል፤ አንደኛው ጴጥሮስ ከሎሌዎች ጋር እየሞቀ ጌታውን የካደበት ሲሆን፣ ሁለተኛው በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ዓሣ ተቀምጦበት የጠበቀው ነው። በዚያም ሦስት ጊዜ የካደው ሰው ስለ ፍቅሩ ሦስት ጊዜ ተጠየቀ፤ በሦስተኛውም አዘነ፤ በጎቹንም እንዲጠብቅ ዳግመኛ ታዘዘ።