ጠርሙሱ ውስጥ ያለው

ሰኞ ማታ አባዬ ከድሬዳዋው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ከኮተኒ፣ ሲመለስ በረንዳ ላይ ካለችው የብረት አልጋ ጫፍ ይቀመጥና ለረጅም ጊዜ አይናገርም ነበር። ደረቱን በመዳፉ ይጫናል። እማዬ ቅርንፉድ የገባበት ሻይ ታቀርብለታለች፤ እኛም ሰኞን ለይተን ስለምናውቅ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንጫወታለን። ማክሰኞ ሻል ይለዋል፤ ረቡዕ እንደ ማንኛውም ሰው ነው። እሑድ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ከጓደኞቹ ጋር ሲስቅ ያየው ሰው የታመመ አይመስለውም። "እሑድ የበላሁት ነው" ይል ነበር። እማዬም አምናው የእሑዱን ሥጋ አስቀረችበት። ሰኞ ግን አልቀረለትም።

የሚሠራው ጥጥ ማበጠሪያው ክፍል ነበር። ፀጉሩና ቅንድቡ ብን ያለ ጥጥ ለብሰው ነጭ ሆነው ሲገባ ታናሽ ወንድሜ "አባዬ አረጀ! አባዬ አረጀ!" እያለ ይዘላል። አባዬ ራሱን ያራግፍና "ይኸው፣ ጎረምሳ ሆንኩ" ይለዋል። ከእውነተኛው ሽበት ጋር ግን ብዙ አልኖረም።

የሰኞው ሕመም ስም እንዳለው ያወቅሁት እሱ ካለፈ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ባይሲኖሲስ ይሉታል። ከጥጡ ብናኝ ጋር ባክቴሪያዎች የሚተዉት መርዝ ይገባና የአየር ቧንቧን ያጠብባል። ሰውነት በሥራ ቀናት መሐል በመጠኑ ይለምደዋል፤ አንድ ቀን ሲያርፍ ልማዱን ይረሳና ሰኞ እንደ አዲስ ይመታል። አባዬን የሚያመው ዕረፍቱን ተከትሎ ነበር ማለት ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. በአንድ የአገራችን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር፤ ጥጥ በሚፈታታበት ክፍል ከሚሠሩ መቶ ሰዎች 43ቱ ይህ ሕመም ነበረባቸው፤ በማበጠሪያው ደግሞ 37 ያህሉ። ቁጥሩን ሳነብ የታየኝ የአልጋው ጫፍ ነው።

ራማዚኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም በ1700 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ባልደረቦቹን አንዲት ጥያቄ እንዲጨምሩ መክሯቸው ነበር፤ በሽተኛውን "ሥራህ ምንድን ነው?" በሉት ብሎ። አባዬን ያዩት ሐኪሞች ምን እንደበላ ይጠይቁት ነበር። ምን እንደሚሠራ የጠየቀው ስለመኖሩ አላስታውስም።

ወንድሜ ሦስት ዓመቱ ሳለ የሆነውን ግን ሁላችንም እናስታውሳለን። የድሬን ሚያዝያ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ጥላ ይዞ ተኝቷል፣ ልጅ ብቻ አይተኛም። እማዬ የምድጃውን ላምባ የምታስቀምጠው በአምቦ ጠርሙስ ነበር። ጥሩ ጠርሙስ የሚጥል ሰው በሰፈራችን አልነበረም። የተጠማ ልጅ ደግሞ የአምቦ ጠርሙስ ሲያይ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንዴ ተጎነጨና ትን አለው። የግቢው ሴቶች በሙሉ ተሯሯጡ፤ አንዷ ወተት አመጣች፣ እማዬ ጣቷን ጉሮሮው ውስጥ ከተተች፣ አስታወከ። "ወጣለት! ወጣለት!" ተባለ። ማታ ትንፋሹ እየፈጠነ ትኩሳቱ ሲነድ ነው ተሸክመነው ወደ ሐኪም የሮጥነው።

ተረፈልን፤ አሁን ሃምሳን አልፏል። ላምባ ሆድ ውስጥ ሲገባ ከሚያደርሰው ይልቅ ሳንባ ውስጥ ሲገባ የሚያደርሰው እጅግ ይከፋል። ቀጭንና አንሸራታች ስለሆነ ልጁ ሲያስታውክ ወደ አየር ቧንቧው ሾልኮ ሳንባውን ያቆስላል። ስለዚህ ላምባ የጠጣን ልጅ እንዲያስታውክ ማድረግ አይገባም፤ ጠርሙሱን ጭምር ይዞ ሐኪም ቤት መድረስ ነው። እማዬ ይህን ስነግራት ዝም ብላ እጇን አየች። ባልነገርኳት ብዬ ተጸጽቻለሁ፤ እጇን የከተተችው ልጇን ልታድን ነው።

በመጠን ማመንን ከፓራሴልሰስ ቀድማ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ያ የ16ኛው መቶ ዘመን ሐኪም መርዝንና መድኃኒትን የሚለያቸው መጠን ነው ብሏል፤ እማዬ ደግሞ ኮሶ ስታጠጣን ለታላቁና ለታናሹ እኩል አትሰፍርም ነበር። ኮሶ ትሉን እንደሚገድል፣ ሲበዛ ጠጪውንም እንደሚገድል ታውቃለች። ኮሶ ግን ኮሶ ተብሎ፣ በስሙ ነው የሚመጣው።

ዛሬ የእህቴ ልጅ በየማለዳው በሰርቪስ ወደ መልካ ጀብዱ ትሄዳለች። እኛ ልጆች ሳለን ፍየል የሚግጥበት ሜዳ ላይ አሁን የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሼዶች ተደርድረዋል፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጠና እዚያው ተመረቀ። እሷ የስፌት ማሽን ላይ ናት። ሥራ እንደጀመረች ሰሞን በሥልጠና ያየቻቸውን ምልክቶች ወረቀት ላይ ሣለችልኝ፤ ቀይ ጠርዝ ያላቸው፣ በማዕዘናቸው የቆሙ አራት ማዕዘኖች፤ አንዱ ውስጥ የራስ ቅል፣ አንዱ ውስጥ እሳት፣ አንዱ ውስጥ እጅ ላይ የሚንጠባጠብ አሲድ። ዘጠኝ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት በ2003 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ ማንበብ የማይችል ሰው ጭምር እንዲገባው የታሰበ ሥርዓት ነው። አባዬ ማንበብ አይችልም ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ያን ዕለት ቅዳሜ ነበርና ልጅቷ አያቷን ልታግዝ ወደ ሽንት ቤቱ ገባች። ብዙም ሳትቆይ እያሳላት ዓይኗን ይዛ ወጣች። በረኪናውን ካፈሰሰች በኋላ ሽንት ቤቱ አልጠራ ሲላት የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጨምራበት ኖሯል። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በ1915 እ.ኤ.አ. ኢፕር በተባለው የቤልጂየም ከተማ አካባቢ ወታደሮች የረገፉበት ያው ጋዝ። መጠኑ ትንሽ ነበር፣ በሩም ክፍት። ንፋስ ላይ ተቀምጣ ተሻላት።

"አጎቴ፣ ሥራ ቦታ ቢሆን እኮ አልነካውም ነበር" አለችኝ። "እዚህ ምንም አልተጻፈበትም አቦ!"

እውነቷን ነው። በረኪናውን የምንገዛው በየሰፈሩ በጀሪካን ከሚያዞረው ልጅ ነው፤ የሚቀዳልንም በሃይላንድ ነው። አምቦው ሃይላንድ ሆነ እንጂ መደርደሪያው ያው መደርደሪያ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ደግሞ ሃይላንድ ሁሉ ይሞላል፤ የሚጠጣውም የማይጠጣውም ጎን ለጎን ይቆማል። የልጅቷ የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ደግሞ እዚያው ወለል ላይ ይጫወታል።

ልጅቷ ተነሥታ ከመደርደሪያው ሦስት ጠርሙሶች አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ሦስቱም ጥርት ያሉ ናቸው።

"እማማ፣ ምን ምንድን ናቸው?"

እማዬ የመጀመሪያውን ክዳን ከፍታ ራቅ አድርጋ አሸተተች። "በረኪና" አለች። ሁለተኛውን አሸተተች። "ይሄ ውሃ ነው።" ሦስተኛውን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ቆየች፣ እንደገና አሸተተች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዘረጋችው።

"አንተ እስቲ እየው" አለችኝ። "እኔ እንጃ፣ አፍንጫዬም ደክሟል።"