የተቆጠረና የተመዘነ

መቁጠርና መመዘን ለየቅል ናቸው። በወረኢሉ ገበያ እንቁላል ይቆጠራል፤ ቅቤ ይመዘናል። ሁለቱን የሚያምታታ ነጋዴ ደንበኛ አይኖረውም። ልጆቻችንን ግን ይህን ልዩነት ሳንነግራቸው ወደ ዩኒቨርሲቲ እንሸኛቸዋለን።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማካይ ውጤት የቆጠራ ልጅ ነው። የሒሳቡም የስፖርቱም ማርክ እኩል ተደምሮ ለትምህርቶቹ ብዛት ይካፈላል። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም የየትምህርቱ ውጤት ይደመራል። በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ዘንድ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ጠባብ በር ያለፈ ወጣት ግን ከበሩ ማዶ ሚዛን ይጠብቀዋል፤ እያንዳንዱ ኮርስ የራሱን ክሬዲት ተሸክሞ ይመጣል።

የእህቴ ልጅ የአንደኛ ዓመት ውጤቷን ይዛ፣ «ጋሼ፣ አንድ ኤ እና አንድ ሲ አማካዩ 3 አይደለም እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ። ሁለቱን ኮርሶች ነጥለን አሰላን። ኤዋ የተገኘው ከባለ 2 ክሬዲት፣ ሲዋ ከባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ነው። ኤ 4፣ ሲ 2 ነጥብ ስለሆነ ሁለቱም 8፣ 8 ይሰጣሉ፤ 16 ለ6 ሲካፈል 2.67። ፊደሎቹ ቦታ ቢለዋወጡ ኖሮ 3.33 በሆነ ነበር። የምትመኘው የትምህርት ክፍል ያለው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው።

ለባንክ ሠራተኛ ይህ እንግዳ ስሌት አይደለም፤ የአንድ ሺህና የአንድ ሚሊዮን ብር ወለድን እኩል ቆጥሮ አማካይ የሚያወጣ የለም። ለግጥም ወዳጅም አዲስ አይሆንበትም። በወል ቤት ስንኝ በየሐረጉ 6 ቀለም እንቆጥራለን፤ ሁሉም ቀለም አንድ ነው። ኅብረ ቃሉ ግን ሰሙንም ወርቁንም ይሸከማል። ቆጥሮ ብቻ የሚያልፍ አድማጭ ወርቁ ያመልጠዋል።

ሚዛኑም ቢሆን ሁሉን አይመዝንም። ክሬዲት የሚለካው የኮርሱን የትምህርት ሰዓት ነው፤ ያቺ ልጅ በደጋው ብርድ በእግሯ ወደ ትምህርት ቤት የተመላለሰችባቸውን ዓመታት የሚሰፍር ዓምድ በውጤት ወረቀቷ ላይ የለም። ሚዛንን ሰው ያበጀዋልና፣ የሚመዘን ሰው ቢያንስ ምን እንደሚመዘንበት አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

እሷ ግን ለወቀሳ ጊዜ አልነበራትም። የሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት ኮርሶች ዝርዝር አውጥታ ክሬዲቱን ከየስሙ ጎን በቀይ ጻፈች፤ ባለ 4ቶቹንም ከሁሉ በላይ አደረገች።