«ትልቅ ሴት ሆነሻል!»

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ከሠፈራችሁ ልጃገረዶች መካከል እስከ 12 ዓመቷ ከወንዶቹ እኩል ስትሯሯጥና ኳስ ስትለጋ የኖረች፣ ከዚያ በኋላ ግን ሜዳ ላይ ታይታ የማታውቅ ስንት ታውቃላችሁ? እኔ ስቆጥር ጣቴ አልበቃኝም። እግሯን አላመማት፣ ኳሱም አልጠፋ… «ትልቅ ሴት ሆነሻል» ተባለች፣ በቃ አለቀ! ወንድሟ ትልቅ ሲሆን ታኬታ ይገዛለታል፤ እሷ ትልቅ ስትሆን ረከቦት ይሰጣታል።

ይህን ነገር አጥብቄ እንዳስብበት ያደረገኝ እኛ ዘንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ጨዋታ ነው፤ ኔትቦል ይባላል። ስሙን ስትሰሙ መረብ ኳስ እንዳይመስላችሁ። የቅርጫት ኳስ የሥጋ ዘመድ ነው። በ1890ዎቹ ቅርጫት ኳስ ከአሜሪካ ወደ እንግሊዝ ሲሻገር ለሴቶች «እንዲስማማ» ተብሎ ተቀየረ። ሴቱ ሁሉ ረጅም ቀሚስ እየጎተተ በሚጫወትበት ዘመን የወጣ ሕግ ነውና ክልከላው ብዙ ነው። ኳስ ይዞ መሮጥ የለም። እያነጠሩ መሄድ የለም። ኳስ የያዘች ልጅ ከ3 ሰከንድ በላይ ማቆየት አትችልም። ተከላካይዋ 90 ሳንቲ ሜትር ርቃ ትቆማለች። እያንዳንዷ ተጫዋች ከተመደበላት ክልል አትወጣም። ቀለበቱ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ላይ የተሰቀለ ሲሆን ከኋላው ሰሌዳ የለውም፤ ኳሷ ነጥራ የምትገባበት ነገር የላትም።

ባጭሩ አትሩጪ፣ አትነካኪ፣ ከቦታሽ አትውጪ! የእኛን እናቶች ምክር ሰብስበው ሕግ ያደረጉት አይመስልም?

የሚገርመው ግን ሴቶቹ ይህንኑ ሕግ ይዘው ያደረጉት ነገር ነው። ኳስ ይዘሽ አትሩጪ ሲባሉ ኳሷን ራሷን አስሮጧት። ሦስት ሰከንድ ብቻ ሲባሉ ኳሱ እጃቸው ሳይገባ ለማን እንደሚሰጡት ማየት ለመዱ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2009 ማንችስተር ላይ አጠር ያለ የአገሮች ውድድር ተጀመረ። በ2012 ኦክላንድ፣ ኒውዚላንድ ላይ ደግሞ ሕጉ እንደገና ተቀየረና «ፋስት ፋይቭ» ተባለ። በአንድ ቡድን 7 የነበሩት ተጫዋቾች 5 ሆኑ። በመደበኛው ጨዋታ 15 ደቂቃ የሆነው ኳርተር እዚህ 6 ደቂቃ ነው። ከቅርብ ያገባች 1 ነጥብ፣ ራቅ ብላ ከ3 ሜትር ተኩል ወዲያ ያገባች 2፣ ከክቡ ውጭ ሆና ያገባች 3 ነጥብ ታገኛለች። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ቡድን «ፓወር ፕሌይ» የሚሉትን አንድ ኳርተር ይመርጣል፤ በዚያ ስድስት ደቂቃ ውስጥ ያገባው ሁሉ በእጥፍ ይቆጠርለታል። አንዲት ልጅ ከሩቅ ወርውራ ካገባች 6 ነጥብ ማለት ነው! ሲመራ የነበረ ቡድን ውኃ ጠጥቶ ሳይመለስ ተመሪ ሆኖ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ2017 ጥቅምት መጨረሻ ላይ ውድድሩ ሜልቦርን ሲካሄድ እኔም እዚያው ከተማ የአክስቴ ልጅ ቤት ነበርኩ። የአክስቴ ልጅ ኑሮዋን እዚያ ካደረገች ቆይታለች፤ ሌሊት የምትሠራ፣ ጠንካራ፣ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ልጅቷ ያን ጊዜ 13 ዓመቷ ነበር። በትምህርት ቤት ኔትቦል ትጫወታለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግጥሚያ አላት። የቤቱ ጭቅጭቅም እሱ ነበር።

«ተይው ብያለሁ፤ አሁን ትልቅ ሴት ነሽ» ትላለች እናት።

«ማሚ፣ ትልቆቹ ናቸው እኮ የሚጫወቱት!» ትላለች ልጅ።

ቀሚሱ አጠረ፣ ጥናት ተበደለ፣ የአገር ሰው ካየ ምን ይላል… ምክንያቱ አያልቅም። እኔ እንግዳ ነኝና በመሐል አልገባሁም። ቲኬት ግን ቆረጥኩ፤ ለሦስት። እናትየው «ልጄን ለብቻዋ አልለቅም» ብላ መጣች እንጂ ለጨዋታው ፍቅር አልነበራትም።

ስድስት አገሮች ነበሩ፦ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ እንግሊዝ፣ ጃማይካ፣ ደቡብ አፍሪካና ማላዊ። ማላዊ ስትገባ የአክስቴ ልጅ ቀና አለች። «እነዚህ የማን ናቸው?» አለች። ነገርናት። ከዚያ በኋላ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ዝም ብላ ማየት ጀመረች። ማላዊ እንደ ኒውዚላንድ ገንዘብ የላትም፤ ልጆቿ ግን ማንንም አይፈሩም። እንዲያውም በዓመቱ፣ ሚያዝያ 2018፣ ጎልድ ኮስት በተደረገው የኮመንዌልዝ ጨዋታ ኒውዚላንድን 57 ለ53 አሸንፈዋል።

መሐል ላይ አንዷ ከክቡ ውጭ ወርውራ አገባች። ፓወር ፕሌይ ነበር።

«እንዴት ስድስት ይሆናል?» አለች እናት። ልጅ አስረዳቻት፤ እጥፍ የሚቆጠርበትን ኳርተር፣ ሩቁንና ቅርቡን፣ ሦስቱን ሰከንድ፣ ሁሉንም። ለካ እናትና ልጅ ጭቅጭቅ ባልሆነ ነገር ይህን ያህል ሲያወሩ አይቼ አላውቅም ነበር!

ቆየት ብላ የአክስቴ ልጅ ወደ እኔ ዞር አለችና «እኔ እኮ ሰባተኛ ክፍል ሆኜ በሩጫ የሚቀድመኝ አልነበረም» አለችኝ በቀስታ። «እማዬ ‹ሰው ምን ይላል› አለችኝና ተውኩት። አልተቆጣችኝም እኮ፣ እንደዚያ ብቻ ነው ያለችኝ።»

የዚህች ሴት ሳሎን ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያጠለቀችው ልጃችን ፎቶ ተሰቅሏል። ማናችንም ቤት ያለው ነገር ነው፤ ለሰው ልጅ እናጨበጭባለን፣ የራሳችንን «ቁጭ በይ» እንላለን!

በዚያ ዓመት ዋንጫውን እንግሊዝ ወሰደች፤ በፍጻሜው ያሸነፈችው ጃማይካን ነው። እነ ኒውዚላንድ ከ2012 ጀምሮ አራቱንም ጊዜ ስለወሰዱ ከዚያ በፊት ሌላው አገር ዋንጫውን በዓይኑ ብቻ ነበር የሚያየው። የእኛው ቤት ጉዳይ ደግሞ በስምምነት አለቀ። ልጅቷ ዓርብ ማታ ጥናቷን ትጨርሳለች፤ አሰልጣኟ ከቀሚሱ ሥር ረጅም ታይት መልበስ እንደምትችል ነገረቻት፤ እናትየው ከሌሊት ሥራ በወጣች ቅዳሜ የሌላ ልጅ አባት በመኪናው ያደርሳታል።

መቼም «ከዚያማ ለብሔራዊ ቡድን ተመረጠች» እንድላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። አልተመረጠችም። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ናት፤ ማታ ማታ ከጓደኞቿ ጋር ትጫወታለች፣ ይደክማታል፣ ትስቃለች፣ ቤቷ ትገባለች። ሴት ልጅ ሜዳ ላይ እንድትቆይ የግድ ሜዳሊያ ማምጣት አለባት ያለው ማነው? ወንዶቻችን ቅዳሜ ጠዋት ኳስ የሚራገጡት ለዓለም ዋንጫ ነው እንዴ?

እኔ የምለው እንዲህ ነው። ከ12 እስከ 16 ያለው ዕድሜ የልጃገረድ ፓወር ፕሌይ ነው። ሰውነቷን የምትወደው ወይም የምታፍርበት፣ «እችላለሁ» ወይም «ለእኔ አይሆንም» የምትለው ያኔ ነው፤ ያኔ ያገኘችውም ያጣችውም በእጥፍ ይቆጠራል። እኛ ደግሞ ከሜዳ የምናስወጣት ልክ በዚያው ኳርተር ነው!

ደግሞ ጨዋታው የሴት ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። በ2022 ክራይስትቸርች ላይ ይኸው ውድድር ሲደረግ ወንዶችም ጎን ለጎን የራሳቸው ግጥሚያ ተዘጋጅቶላቸው ተጫውተዋል። እነሱን ማንም «ትልቅ ወንድ ሆነሃል፣ ቁጭ በል» አላላቸውም።

እናንተ እህቶቼ፣ ያቋረጣችሁት ነገር ካለ፣ ሩጫም ይሁን ኳስ፣ ሁለት ጓደኛ ፈልጉና ጀምሩት፤ ብቻውን የሚወጣ ሰው ቶሎ ይመለሳል። እናት የሆናችሁ ደግሞ ከመከልከላችሁ በፊት አንድ ቀን ሄዳችሁ ልጃችሁ ስትጫወት እዩ። አንተም ወንድሜ፣ ቅዳሜ ጠዋት እህትህ ስኒከሯን ስታስር ካየህ ወዴት ነው ብለህ አትመርምራት። ቡናውን አንተ አፍላው።