ጨው መቼ ይግባ?

መራዊ ላይ በዓል ደርሶ የቅርጫው ሥጋ እየቤቱ ሲገባ፣ ጓዳ ውስጥ የማይቀር ክርክር አለ፦ ጥብሱ ላይ ጨው መቼ ይጨመር? የእኔ መልስ "ሊወጣ ሲል" ነው።

ጨው ከሥጋ ውኃ ይስባል። የተከተፈ ሥጋ ጨው ተነስንሶበት ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየ ሳህኑ ሥር ውኃ ያቁራል። ያ ውኃ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ሥጋው ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ብረት ድስቱ በደንብ ግሎ ሥጋው ደረቅ ሆኖ ሲገባበት ግን ወዲያው ይንጫጫል፣ ጠርዙ ይቀላል፣ ሽታው ጎረቤት ይደርሳል። ከዚያ የቆጋ መስኖው ሽንኩርት፣ ቅቤው፣ ቃሪያውና የጥብስ ቅጠሉ ይከተላሉ፤ ጨው በመጨረሻ።

ቋንጣ ሌላ ነው። እዚያ የምንፈልገው ውኃው እንዲወጣ ስለሆነ፣ ጨውና በርበሬው ሥጋው ከመሰቀሉ በፊት ይታሻል። ዶሮም በጨውና በሎሚ ተዘፍዝፋ ትታጠባለች፤ የወጡ ጨው ግን ቁሌቱ በስሎ መረቁ ወፈር ካለ በኋላ ተቀምሶ ነው የሚስተካከለው። ቀድሞ የተጨመረ ጨው ወጡ እየመጠጠ ሲሄድ ይበረታል። መከለሻውም የሚዘገየው በምክንያት ነው፤ የኮረሪማ መዓዛ ብዙ እሳት አይችልም።

እናቶቻችን ይህን ሁሉ በእጃቸው ያውቁታል፤ እኛ ደግሞ ጠይቀን እንያዘው። እስቲ በመጪው በዓል ጥብሱን ለሁለት ከፍላችሁ፣ አንዱን ጨው አስቀድማችሁ አንዱን አዘግይታችሁ ሞክሩና የቱ እንደጣማችሁ ጻፉልኝ።