ያልተላከው ደብዳቤ

ወዳጆች፣ ዛሬ ከፖለቲካው ወጣ ብዬ ከሥራ ቦታዬ አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

የምሠራው በአንድ ኤፍ ኤም ሬዲዮ ጣቢያ የማሰራጫ ክፍል ነው። አንድ ክረምት ላይ አድማጮች «ጣቢያችሁ ይንሿሿል» እያሉ መደወል አበዙ። ስፔክትረም አናላይዘራችንን ይዤ ማማው ሥር ሄድኩ። መሣሪያው በአየር ላይ ያለውን የሬዲዮ ሞገድ በየፍሪኩዌንሲው ለይቶ ስክሪን ላይ ያሳያል። ጣቢያ ባለበት ተራራ ይታያል፤ በሌለበት ደግሞ ከታች የሚንቀጠቀጥ መስመር ብቻ ይኖራል። ኖይዝ ፍሎር የምንለው እሱን ነው።

የዚያን ቀን ከእኛ ፍሪኩዌንሲ አጠገብ፣ ማንም ጣቢያ በሌለበት ቦታ፣ መስመሩ አብጦ አየሁት። ሰፊ ጉብታ! ከእኛ ማዶ ሌላ ጣቢያ አለ። ለመፍረድ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ስክሪኑን ፎቶ አነሳሁ፤ ከሰዓት በኋላ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሚላክ የክስ ደብዳቤ ተረቀቀ። አለቃዬ ሊፈርም ብዕር አንስቷል።

ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ቴክኒሻናችን ፎቶውን አዩና «አቴንዌተሩን ስንት ላይ አድርገህ ነው የለካኸው?» አሉኝ።

«ዜሮ ላይ ነበር፣ ጋሼ።»

«በል ተመለስ። 10 ዲቢ ጨምርና እየው።»

አቴንዌተር ወደ መሣሪያው የሚገባውን ሞገድ የሚያዳክም ክፍል ነው። መሣሪያው ያዳከመውን አስልቶ ስለሚመልስ፣ እውነተኛ ጣቢያ ስክሪኑ ላይ ከፍታው አይለወጥም። ጨመርኩ። የሁለቱ ጣቢያዎች ተራራ ንቅንቅ አላለም። ጉብታው ግን ሟሸሸና ጠፋ።

አየር ላይ ጉብታ አልነበረም። ማማው ሥር ስቆም የማሰራጫችን ጉልበት መሣሪያውን ከአቅሙ በላይ አስጨንቆት፣ የእኛና የጎረቤት ሞገድ እዚያው ውስጡ ተደባልቀው የወለዱት ነው። በሳምንቱ የአድማጮቹ ችግር ምንጭም ተገኘ፦ ዝናብ የገባበት የራሳችን የአንቴና ገመድ ማያያዣ! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ አይደል?

እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን አንቴናቸው ላይ የማይጠፋ ጩኸት ገጥሟቸው ነበር። መጀመሪያ የጠረጠሩት የራሳቸውን ዕቃ ነው። አንቴናው ውስጥ የሰፈሩትን እርግቦች አባርረው ኩሳቸውን ሳይቀር ጠረጉ። ጩኸቱ አልጠፋም። ኋላ ከጽንፈ ዓለም ጅማሬ የተረፈ ጨረር መሆኑ ታወቀ፤ በ1978 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙበት። የተረፈውን ጩኸት ማመን የቻሉት መጀመሪያ የራሳቸውን ቤት ጠርገው ስለጨረሱ ነው።

ጎረቤት አይበጠብጥም አላልኩም። ጉብታው ባይጠፋ ኖሮ ደብዳቤውን ራሴ ይዤ እሄድ ነበር። እዚህ ቻናል ላይም በየቀኑ «ማን ነው ያደረገው?» እንባባላለን፤ እኔም ብዙ ጊዜ በፎቶ ብቻ ፈርጃለሁ።

የዚያን ቀን ልከሳቸው የነበሩት ሰዎች ግን፣ ማሰራጫችን ሲቃጠል መለዋወጫ ያዋሱን ናቸው። ይህን የማያውቁት ደብዳቤ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ሆን ብዬ ነው ያልቀደድኩት።