በሩን የቀረቀረው አገልጋይ

ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 13 በዐውደ ምሕረት ሲሰበክ የሰማ ምእመን ብዙ አይገኝም። የዳዊት ልጅ አምኖን በአባት እኅቱ የሆነችውን ትዕማርን ተመኝቶ ከሳ። የአጎቱ ልጅ ኢዮናዳብ የታመመ መስሎ እንዲተኛ መከረው። ንጉሡ ሊጠይቀው ሲመጣ ትዕማር መጥታ እንድታበላው ለመነ፤ ዳዊትም ላካት። ሊጥ ለውሳ፣ ጋግራ ስታቀርብለት ቤቱን ከሰው አስለቅቆ ደፈራት። ወዲያው ጠላት። አገልጋዩን ጠርቶ እንዲያስወጣትና በሩን ከኋላዋ እንዲቀረቅር አዘዘው፤ ልጁም ቀረቀረ።

በደቡብ አፍሪካዋ ፒተርማሪትስበርግ ከተማ የሚገኘው ኡጃማ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2000 በሴቶች ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት የሚቃወመውን “የትዕማር ዘመቻ” ሲጀምር በእጁ የያዘው ይህንኑ ምዕራፍ ነበር። አካሄዱ ቀላል ነው። ታሪኩ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበባል፤ ከዚያ ተሳታፊዎች በቡድን ተከፋፍለው ይወያያሉ። በታሪኩ ውስጥ ያሉት እነማን ናቸው? ትዕማር ስትደፈር የእያንዳንዱ ወንድ ድርሻ ምን ነበር? እሷስ ምን አለች፣ ምን አደረገች? በእናንተ ቤተ ክርስቲያን እሷን የመሰሉ ሴቶች አሉ?

የነገሩ ቁልፍ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ክሱ በአምኖን ላይ ብቻ አይቆምም። መካሪው፣ ላኪው፣ በር ቀርቃሪው፣ እኅቱን ዝም እንድትል የነገራት አቤሴሎም፣ ሰምቶ እጅግ የተቆጣው ግን ለልጁ ቅጣት ያልቆረጠው ንጉሥ፣ ሁሉም በየተራ ይጠየቃሉ። ብዙዎቹን ሴቶች መጀመሪያ የሚያስደነግጣቸው እንዲህ ያለ ታሪክ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ መኖሩ ነው። ቀጥሎ የራሳቸውን መናገር ይጀምራሉ።

አገልጋዩ ስም እንኳ የለውም፤ የታዘዘውን ነው የፈጸመው። ትዕማር ልብሷን ቀድዳ፣ ዐመድ ነስንሳ፣ እጇን በራሷ ላይ ጭና እየጮኸች ስትሄድ ከበሩ ማዶ ሳይሰማት አይቀርም። “እኔ ምን አገባኝ” ብሎ ፋይል የሚያጥፍ ሁሉ የእሱ ዘመድ ነው።

እንዲህ ያለው ንባብ ብዙ ምንጭ አለው። አሜሪካዊቷ ፊሊስ ትሪብል እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ የአጋርን፣ የትዕማርን፣ የዮፍታሔን ልጅና የሌዋዊውን ቁባት መከራ ሳያለዝቡ አንብበዋል። (የአጋርን ታሪክ ያነበበ ኢትዮጵያዊ ቤይሩትና ሪያድ ያሉትን የቤት ሠራተኞች ሳያስብ ማለፍ ይቸግረዋል።) በአፍሪካ ደግሞ ጋናዊቷ መርሲ አምባ ኦዱዮዬ እ.ኤ.አ. በ1989 አክራ አጠገብ ሌጎን ላይ ከመላው አህጉር ሴቶችን ሰብስበው የአፍሪካ ሴት የሥነ መለኮት ሊቃውንትን ክበብ መሠረቱ። የክበቡ አባላት ሥራዬ ብለው የያዙት መጻፍን ነበር፤ ስለ አፍሪካ ሴት ሌላው ሲጽፍላት ኖሯልና።

ኤችአይቪ ሲመጣ ይህ ሥነ መለኮት ተፈተነ። የቤተ ክርስቲያን ምክር “ተቆጠቡ፣ ታመኑ” የሚል ነበር። ክበቡ ግን የታመነችውን ሚስት አስታወሰ፦ ባሏ ያመጣባትን ቫይረስ በታማኝነቷ ልትከላከለው አትችልም፤ እምቢ የማለት አቅምም አልተሰጣትም። በሽታው ክፉኛ ከተስፋፋባቸው አገሮች አንዷ ከሆነችው ቦትስዋና የመጡት የክበቡ አባል ሙሳ ዱቤ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈስሳት ኖራ ገንዘቧን በሐኪሞች የጨረሰችውን ሴት ታሪክ በዚህ ዓይን አነበቡት። እ.ኤ.አ. በ2002 ክበቡ አህጉራዊ ጉባኤውን ያካሄደው አዲስ አበባ ላይ ሲሆን መወያያውም ወሲብ፣ መገለልና ኤችአይቪ ነበር።

“ይህ የፈረንጅ ነገር ነው” የሚል ተቃውሞ ዛሬም ይሰማል። በምዕራቡ ዓለም እንደ አሜሪካዊቷ የሥነ መለኮት ምሁር ሜሪ ዴሊ ክርስትናን ጥለው የወጡ መኖራቸው እውነት ነው። ኦዱዮዬ ግን ሜቶዲስት ናቸው፤ ትግላቸው ከውስጥ ነው። ደግሞስ የትዕማርን ታሪክ ማን አስመጣው? ከተደፈረች በኋላ እንዳያስወጣት መለመኗ እኛ ዘንድ እንግዳ አይደለም፤ የደፈራትን ማግባት እንደ መፍትሔ ሲቆጠር ኖሯልና። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1997 ዓ.ም. እስኪተካ ድረስ፣ የጠለፋትን ወይም የደፈራትን ያገባ ሰው ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ነበረው። ሕጉ ተለውጧል፤ “ስማችን አይጥፋ፣ በሽምግልና ይለቅ” የሚለው ግን በብዙ ቤት አልተለወጠም። በዚህ ሽምግልና ላይ መስቀል የያዘ ካህን ወይም መጽሐፍ ቅዱስ የያዘ ሽማግሌ ከተቀመጠ፣ የዳዊት ቁጣ ተደገመ ማለት ነው።

ምዕራፉን በሰንበት ትምህርት ቤት፣ በጽዋ ማኅበር ወይም በቤት ኅብረት ለማንበብ ያሰባችሁ፣ አስቀድማችሁ ተዘጋጁ። ካነበባችሁ በኋላ አንዷ ቀርባ መናገሯ አይቀርምና የትኛው ሆስፒታል እንደምትወስዷት፣ የትኛው ፖሊስ ጣቢያ እንደምታመለክቱ፣ ማን አብሯት እንደሚሄድ ቀድማችሁ ወስኑ። ካልወሰናችሁ ንባቡን አቆዩት። ጥቃቱ የተፈጸመው ገና በቅርቡ ከሆነ ደግሞ ጸሎቱ መንገድ ላይ ይደረስ፤ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው።