«ዕድሜህ ስንት ነው?» ሳንል ያለፉት ዓመታት

ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅን፣ ቁጥር 1112ን፣ አጸደቀ። ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው አልኮልም ሆነ ሲጋራ መሸጥ ተከለከለ። የቢራ ማስታወቂያ ከቀኑ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሰዓት ወጣ፤ በየአውራ ጎዳናው የተሰቀለው የመጠጥ ሰሌዳም ይውረድ ተባለ። ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ለምንኖር ሰዎች ይህ የሩቅ ዜና አልነበረም። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ሲመለሱ የሚያልፉት በጫት ቤት፣ በግሮሰሪና በአረቄ ቤት ደጃፍ ነው። ያን ቀን «እፎይ፣ መንግሥት ከጎናችን ቆመ» ያልነው ብዙዎች ነበርን።

ማስታወቂያው በእርግጥ ጠፋ። ሰሌዳውም ወረደ። ምንም ገንዘብ የማይጠይቀው ክፍል ግን፣ ሻጩ ቀና ብሎ ገዢውን አይቶ «ዕድሜህ ስንት ነው? እስቲ መታወቂያህን» የሚልበት ክፍል፣ በሰፈራችን ሲተገበር አላየሁም። በጀት አልጠበቀም፣ የውጭ ምንዛሪ አላስፈለገውም፣ አማካሪ ድርጅት አልጠየቀም። አንድ ጥያቄ ነበር፤ እሱን ሳንጠይቅ ዓመታት አለፉ። እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኸው ነው።

ስለ አንድ የጎረቤት ልጅ ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም። በ1997 ዓ.ም. የተወለደ፣ ግራ እግረኛ፣ ኳስ ስትመጣለት ሳያያት የሚቀበል ልጅ ነበር። ሀዋሳ ኳስ የሚገባት ከተማ ናት፤ ክለቧ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ወስዷል። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ፣ በ2005 ዓ.ም. ከዛምቢያ ጋር አንድ እኩል የወጣንባትን ጎል ያገባው አዳነ ግርማ የሀዋሳ ልጅ ነው። በዚያው ቡድን የነበረው ሽመልስ በቀለም እንዲሁ። ያን ጨዋታ ልጁ በስምንት ዓመቱ ከሰፈሩ ሰው ጋር ተኮልኩሎ ተመለከተ። ከዚያ በኋላ ምን ትሆናለህ ለሚለው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር። አዋጁ ሲወጣ 14 ዓመቱ ነው። የወጣቶች ቡድን ውስጥ ገብቶ፣ ማልያ ተሰጥቶት፣ እናቱ ጫማ ለመግዛት ዕቁብ አስቀድመው የወሰዱለት በዚያው ሰሞን ነበር።

ጫት የቀመሰው በ16 ዓመቱ፣ ለጥናት ብሎ ነው። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ብዙ ወላጅ ሱስ የሚጀምረው በጭፈራ ቤት ስለሚመስለው ነው። የኛ ሰፈር ልጆች የሚጀምሩት በደብተር ነው። አንድ ታላቃቸው «እንቅልፍ ይከለክላል፣ ጭንቅላት ይከፍታል» ይልና ከዙርባው ያካፍላቸዋል። መጀመሪያ ላይ የተባለው እውነት ይመስላል። በለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ ልብን ያፈጥናል፣ ረሃብንና እንቅልፍን ያባርራል፣ ሐሳብን ያግለበልባል። ቅጠሉ ሲጠወልግ በሁለት ቀን ግድም ኃይሉ ይደክማል፤ ጫት የጫኑ መኪኖች በየመንገዱ ሰው እስኪፈጁ የሚከንፉትም ለዚሁ ነው። የመረቀነ ልጅ ያጠናው ሁሉ የገባው ይመስለዋል። ምርቃናው ሲወርድ ግን ሌሊቱ አልነጋ ይላል። ዓይን ይፈጣል፣ ሆድ ይባባል፣ የተጠናው ሁሉ ይበተናል፤ እንቅልፍ ቢመጣም ከነዱካኩ ነው። በማግስቱ ከሰዓት ደግሞ ሀራራው ይጠራል።

ጨብሲ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ያልወረደ ምርቃናን ለመስበር መጠጥ። ገንዘብ ያለው ድራፍት ይይዛል፤ ተማሪ ደግሞ አረቄ በመለኪያ፣ አለዚያም አዋጥቶ አንድ ጠርሙስ ርካሽ ጂን። በየስብሰባው ስለ ጫት ለብቻ፣ ስለ መጠጥ ለብቻ እንሰብካለን። በልጆቹ ሕይወት ግን ሁለቱ የአንድ ቀን ሥራ ናቸው፤ ከሰዓት ቅሚያ፣ ማታ ጨብሲ፣ ጠዋት አልጋ። የኳስ ልምምድ ደግሞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው። አሠልጣኙ ታገሠው፣ መከረው፣ ተቆጣው፤ በመጨረሻ ማልያውን ለሌላ ሰጠ።

የ12ኛ ክፍል ፈተናም ወደቀ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኝ ነበር። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ናቸውና የእሱንም ውድቀት በጫት ላይ ብቻ ብለጥፈው ሐሰተኛ እሆናለሁ። ጦርነቱም፣ ኮሮናውም፣ የትምህርቱም ጥራት ነበረበት። ነገር ግን ፈተናው ቢያስቀረው ኳሱ፣ ኳሱ ቢያስቀረው ፈተናው ይይዘው ነበር። ሁለቱም በሮች በአንድ ዓመት ተዘጉበት።

እናቱ አንድ ማታ እኔ ዘንድ መጡ። «መምህር፣ እባክዎን ያናግሩልኝ፤ እርስዎን ያፍራል» አሉኝ። አስጠርቼ አነጋገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። «እሺ ጋሼ፣ እተዋለሁ» አለኝ፤ ከልቡ መሆኑን አልጠራጠርም። ከኔ ቤት እስከ እናቱ ቤት ባለው መንገድ ላይ ግን ጫቱ በኮባ ተጠቅልሎ ይጠብቀዋል፣ አረቄው በመለኪያ ይጠብቀዋል፣ ሲጋራው በፍሬ ይጠብቀዋል። ዱቤ እንኳ ይሰጠዋል። የአንድ መምህር ምክር ከዚህ ሁሉ ደጃፍ ጋር እንዲታገል የተፈረደበት ለምንድን ነው? ሕጉ እኮ የወጣው ለዚህ ነበር። መካሪው ልቡን ይዞ፣ ሻጩ እጁን ሰብስቦ ቢሆን ኖሮ ልጁ መተንፈሻ ያገኝ ነበር።

«የጓደኛ ግፊት ነው» የሚለው ማብራሪያ ያናድደኛል። ጓደኛው የ17 ዓመት ልጅ ነው። የሸጠለት አዋቂ ነው። ጎረቤቱ፣ ዕድርተኛው፣ እናቱን በስም የሚያውቅ ሰው ነው። ብሩን ሲቀበል ደብተሩን አይቷል።

ጫትን በተመለከተ ደግሞ ቀዳዳው የባሰ ነው፤ አዋጁ ስለ ትምባሆና ስለ አልኮል ዕድሜ ሲወስን ስለ ጫት ዝም አለ። ዝምታው ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ጫት ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ነው፣ ለገበሬው ኑሮ ነው። በወንዶ ገነትና በሌሎች የሲዳማ ጓሮዎች እንሰትና ቡና ለጫት ቦታ ሲለቁ ኖረዋል፤ ገበሬው ልጆቹን የሚያበላውን ተከለ፣ አልፈርድበትም። መንግሥት ግን በ2004 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 767 በእያንዳንዱ ኪሎ ጫት ላይ 5 ብር የኤክሳይስ ታክስ ጥሏል። ሕጉ ሚዛን አውጥቶ ኪሎውን መዝኗል፤ የሚቅመውን ልጅ ዕድሜ የሚጠይቅበት ቦታ ግን አልነበረውም። ከዚያ 5 ብር ላይ ለታዳጊዎች ማገገሚያ የሚሆን ይነሳ ብለን በየምርጫው፣ በየሕዝብ ውይይቱ መጠየቅ እንችል ነበር። አልጠየቅንም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከወንዶች 27 ከመቶው፣ ከሴቶች 12 ከመቶው ጫት ቅመው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። ቁጥሩ በእጃችን ነበር። በተለይ የሴቶቹን ማንም ሊያነሳው አይፈልግም፤ ሴት ልጅ ስትቅም ቤተሰብ በር ይዘጋል፣ በሩ ሲዘጋ እርዳታም ውጭ ይቀራል።

ይህ ሊሆን የማይችል ነገር አልነበረም፤ ሌሎች አድርገውታል። የሕዝቧ ብዛት ከሀዋሳ ከተማ ብዙም የማይርቀው አይስላንድ በ1990ዎቹ (በፈረንጆቹ) በአውሮፓ በወጣቶች ስካር ከሚጠቀሱት አንዷ ነበረች። በ1998 እ.ኤ.አ. ከ15 እና 16 ዓመት ልጆቿ 42 ከመቶው ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ሰክረው ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ያ ቁጥር 5 ከመቶ ደረሰ። ያደረጉት ተአምር የለውም። በየዓመቱ ልጆቹን በመጠይቅ ጠየቁ፤ የመሸጫና የማስታወቂያ ሕጉን አጠበቁ፤ ወላጆች ልጆቻቸው በስንት ሰዓት ቤት እንደሚገቡ ተፈራርመው ተስማሙ፤ ማዘጋጃ ቤቶችም ልጆች ለስፖርትና ለሙዚቃ የሚከፍሉትን ከኪሳቸው ደጎሙ። ሀብታም አገር ናት ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ግን ኳስ የሚወዱ ልጆች፣ ዕድር ያለው ሰፈር፣ ጎረቤት የጎረቤትን ልጅ የሚቆጣበት ባህል ከእነሱ ይልቅ እኛ ነበረን። ወላጆቹ በፊርማ ያመጡትን መተማመን እኛ ከአያቶቻችን ወርሰነው ነበር።

ገንዘብም ጨርሶ አልጠፋም። በ2009 ዓ.ም. ለወጣቶች ተብሎ 10 ቢሊዮን ብር የተዘዋዋሪ ፈንድ ተመደበ። የሥራ ተስፋም ነበር። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ 60,000 ሰው ይቀጥራል ተብሎ ነበር፤ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሏ፣ ከአጎዋ፣ ስታስወጣ የፓርኩ ትልቁ ባለሀብት ፒቪኤች በ2014 ዓ.ም. ለቆ ሄደ። ያን ሁሉ ሥራ ፈት ወጣት የሚውጠው መቃሚያ ቤት ግን አልለቀቀም፤ ለእሱ አጎዋ አያስፈልገውም። ሐይቁ ዳር ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶች ጫታቸውን ዘርግተው፣ ቢራቸውን ደርድረው ሲዝናኑ ልጆቻችን ያያሉ። ለእንግዳው የሁለት ቀን ዕረፍት ነው። ለሚያየው ልጅ ግን ትልቅ ሰው መሆን ማለት ያ ነው። መናኸሪያ አካባቢ ማስቲሽ በፕላስቲክ የሚስቡትን ሕፃናት ደግሞ ማየት ትተናል፤ ተላምደናቸዋል።

ሕክምናው የሚታሰበው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። መጀመሪያ ስድብ ይቀድማል፦ ዱርዬ፣ ጀዝባ፣ የእናቱ ዕዳ። ከዚያ ጸበል ወይም የጸሎት ፕሮግራም። ጸበሉን አልነቅፍም፤ በእምነት የዳኑ አውቃለሁ። ሐኪም ግን የሚጠየቀው ልጁ ብቻውን ማውራት ሲጀምር ነው። በሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ፤ ከዚህ ቤተሰብ ግን ወደዚያ የሄደ አልነበረም። «አማኑኤል» የሚለው የአእምሮ ሆስፒታል ስም በሰዉ ጆሮ እብደት ሆኖ ስለቀረ፣ የሱስ ሐኪም ጋ መሄድ እንደ ውርደት ተቆጠረ። በ16 ዓመቱ፣ ገና ለጥናት በሚቅምበት ጊዜ፣ አንድ ባለሙያ ግማሽ ሰዓት ቢያገኘው ኖሮ ብዬ የማላስብበት ሳምንት የለም። ያን ጊዜ ይሰማ ነበር። ያን ጊዜ እግሩም ሳንባውም ጤነኛ ነበር።

ልጁ ዘንድሮ 21 ዓመት ሞላው። ሕጉ ሊጠብቀው ቃል የገባለት ዘመን አንድ ቀን ሳይጠብቀው አለቀ። ከእንግዲህ የሚሸጥለት ሰው የዕድሜውን ሕግ አይጥስም።

እንደ እሱ ያሉትን በሰፈራችን ብቻ በስም መጥራት እችላለሁ። አንዷ ሥዕሏ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የነበረ። አንዱ ሬዲዮ ፈትቶ የሚገጥም። ሌላው ባጃጅ እየነዳ እህቶቹን ያስተምር የነበረና አንድ ማታ ከጨብሲ ሲመለስ የሞተ። እነዚህ በድህነት ብቻ ያጣናቸው አይደሉም። አዋጅ ወጥቶላቸው፣ ሜዳ ኖሯቸው፣ የሚወዳቸው ጎረቤት ኖሯቸው ያጣናቸው ናቸው። ይህ ከድህነት ይልቅ ያቃጥላል።

አዋጁ አልተሻረም። ዛሬም ሕግ ነው። የክፍለ ከተማችን አስተዳደር የንግድ ፈቃድ ሲያድስ «ዕድሜ ትጠይቃለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅና የማይጠይቀውን ማሸግ ይችላል፤ ነገ ጠዋት ይችላል። ዕድሮቻችን ለሞተ ሰው ድንኳን ለመትከል በአንድ ሰዓት ይሰበሰባሉ፤ በሕይወት ስላለው ልጅም አንድ ምሽት ይሰብሰቡ። እናንተ የአዲስ ከተማ ባለ ጫት ቤቶችና ባለ ግሮሰሪዎች፣ በስም የምታውቁኝ፣ ልጆቻችሁን ያስተማርኩላችሁ፣ እለምናችኋለሁ። የፈተናው ሰሞን ሲደርስ ደብተር በብብቱ የያዘ ልጅ ደጃችሁ ይመጣል። ለጥናት ነው ይላችኋል። አትሽጡለት።